የአባ ወልደ ሰንበት ቁራጭ

በደርግ ጊዜ የሰው ሥጋ ይዤ ኬላ ላይ ተይዣለሁ። አትሳቁ! ባሕር ዳር ነርስ ነበርሁ። ሐኪማችን ከአባ ወልደ ሰንበት አንገት እብጠት አወጣና፣ አዲስ አበባ ያሉት የካንሰር ሐኪሞች እንዲመረምሩት በብልቃጥ አስያዘኝ። አባ እጄን ጨብጠው፣ «ሥጋዬን መልሰህ አምጣልኝ፤ በምጽአት ቀን ጎዶሎ ሆኜ አልነሣም!» አሉኝ።

ካንሰር አይደለም ተባለ። ከምርመራው የተረፈውን ለምኜ ስመለስ ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ ሲፈትሽ ብልቃጡን አገኘው።

«ምንድን ነው?»

«የሰው ሥጋ ነው፣ ጓድ።»

«ቀሪው ሰውዬስ?»

«ባሕር ዳር ተኝተዋል።»

አላመነኝም። ጠመንጃውን አንግቶ አብሮኝ ተሳፈረና እስከ አባ አልጋ ድረስ ነዳኝ። አባ ታጣቂውን አዩ፤ ብልቃጡን አዩ፤ ፊታቸው በራ።

«ቁራጬን እንዲህ በጠመንጃ ካጀቧት፣ እኔ ራሴ ሄጄ ቢሆንማ በታንክ ነበር የምመለሰው!»