ስልሳ አራት ዝግ በሮች

የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው። በመጀመሪያ በር ይንኳኳል፤ ውሻ እስኪታሰር ይጠበቃል። ከዚያ ከግቢው ጥግ የብረቱ ክዳን ይነሳል፤ ከሥሩ ሸረሪትም ጭቃም አይጠፋም። መስታወቱ በጨርቅ ይወለወልና ጥቁሮቹ ቁጥሮች ይመዘገባሉ፤ ቀዮቹ ይተዋሉ። መሃል ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ኮከብ የምትመስል ነገር አለች። በቤቱ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ እሷ ከዞረች፣ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። እንዴት ያለች ብልህ ነገር ናት!

አንዲት ሴት ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሰፈሩ «እትዬ ቆጣሪ» ይላታል። በየወሩ አምስት መቶ አሥራ ሁለት በር ታንኳኳለች። የትኛው ውሻ እንደሚናከስና የትኛው ወሬ ብቻ እንደሆነ፣ የትኛው ጡረተኛ ሰው እንደናፈቀው፣ የትኞቹ ባልና ሚስት እንደተኳረፉ ከደጅ ሆና ታውቃለች።

እናቷን የስኳር በሽታ እግራቸው ላይ አቁስሏቸዋል። ቁስሉ በየሁለት ቀኑ ይታጠባል፣ ይታሸጋል። ይህን የምታደርገው የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ቀጣዩ ግን በሁለት አውቶቡስ ነው የሚደረሰው። በዚያ እግር ሁለት አውቶቡስ የማይታሰብ ነገር ነው።

ሰፈሩን ወክሎ ምክር ቤት የተቀመጠው ሰው ደግሞ በሰፈሩ ትልቁ ሕንፃ የእሱ ስለሆነ «ባለ ሕንፃው» ይባላል። ሁለት ጊዜ ተመርጧል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወዳደር የያዘው ዕቅድ ጤና ጣቢያውን አንስቶ ቦታውን መኪና ማቆሚያ ማድረግ ነበር። ሲስተር ይህን ሰማች። ጓንቷን አወለቀችና ሄዳ ዕጩ ሆና ተመዘገበች።

ሰው ሳቀ። የባለ ሕንፃው ፎቶ በየምሰሶው ተሰቅሏል። የሲስተር ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ ለመታወቂያ የተነሳችው። እሱም የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሱቅ መስኮት ላይ ተለጥፎ ነበር።

እትዬ ቆጣሪ አለቃዋ ቢሮ ገባችና የዓመት ፈቃድ ጠየቀች።

«አንቺ? በሃያ ሁለት ዓመት ፈቃድ ጠይቀሽ አታውቂም እኮ» አለ አለቃዋ።

«ለዚህ ነው የተጠራቀመልኝ ጋሼ።»

«ከዚያች ነርስ ጋር በየደጁ ልትዞሪ ነው አሉ። እኔ ምን አገባኝ። ግን ባለ ሕንፃው ሲያሸንፍ ይህን መሥሪያ ቤት ያስታውሰዋል፤ ነግሬሻለሁ።»

«እስካሁንስ መቼ አስታውሶን ያውቃል? የውሃ መሥሪያ ቤት ሆነን እዚሁ ሽንት ቤታችን ውሃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆነው። ይፈርሙልኝ።»

ፈረመ።

በጎ ፈቃደኞቹ ሰባት ነበሩ። የሚሰበሰቡት በልብስ ሰፊው ሱቅ ነው። እትዬ ቆጣሪ በር እንዴት እንደሚንኳኳ አስተማረቻቸው፤ ይህም ትልቅ ጥበብ ነው። አንኳኩታችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ፤ በር ላይ የተደገፈ ሰው ዕዳ ጠያቂ ይመስላል። እጁ ሊጥ የነካ ሰው አታስቁሙ። «ምረጡ» ብላችሁ አትጀምሩ። «ልጅዎ በእኩለ ቀን ቢያተኩሰው የት ይወስዱታል?» በሉና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። አዎ ላለ ሰው መስመር፣ አይ ላለ ክብ፣ ዝግ ለሆነ ቤት «ዝ» ጻፉ።

ልብስ ሰፊው የራሱን ጨመረ። «እኔ ሱሪ ስለካ ሁሉም ሆዱን ያስገባል። ዝም ብዬ ወሬ አወራዋለሁ፤ ሲረሳ ሆዱ ይመለሳል። ያኔ ነው የምለካው። መራጭም እንዲሁ ነው።»

ደጅ ላይ ብዙ ይባላል። አንድ በያጅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ሲስተር እንደሆነች መሸነፏ ነው። ድምፄን ገደል ልክተተው?» ሲል እትዬ ቆጣሪን ጠየቃት።

«ወንድሜ፣ እስከ ዛሬስ የት ነበር ስትከተው የኖርከው?»

በያጁ ሳቀ። መስመር ተጻፈለት።

ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው መዝገቦቹን የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። እትዬ ቆጣሪ ደመረች፤ ሲስተር በሰፊው ትመራ ነበር። ሲስተር ራሷ በመነጽሯ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች።

«እነዚህ ‹ዝ›ም መስመርም ያለባቸው አርባ ቤቶች ምን አሉሽ?»

«ዝግ ነበሩ።»

«ታዲያ መስመር ያለባቸው ለምንድን ነው?»

«ግምት ነዋ።»

ይህ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በውሃ መሥሪያ ቤት በሩ የተዘጋ ቤት ባዶ አይተውም፤ ያለፉት ወራት አማካይ ተወስዶ ግምት ይጻፋል። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራ እጅ ይህን ሳያስበው ያደርገዋል። ዝግ ሆነው ያገኘቻቸው ስልሳ አራት ቤቶች ነበሩ። ግራና ቀኝ ያሉትን ጎረቤቶች እያየች አርባውን ለሲስተር፣ ሃያ አራቱን ለባለ ሕንፃው አከፋፍላለች። በእርግጥ የጠየቋቸው ሰዎች ብቻ ሲቆጠሩ ለሲስተር ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ለባለ ሕንፃው ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ቤት ነበር። ስልሳ አራቱ ሁሉን ይገለብጣሉ።

«እኔ ፈትቼ ያላየሁትን ቁስል ድኗል ብዬ አልጽፍም» አለች ሲስተር።

የእትዬ ቆጣሪ ፊት ጋለ። ላጲስ አነሳችና አርባውንም መስመር፣ ሃያ አራቱንም ክብ እዚያው አጠፋች። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት። የእነዚህ ቤቶች ቆጣሪ ይንቀሳቀሳል፤ በሩ የተከፈተላት ዕለት ሁሉ ቁጥሩ ሄዶ ታገኘዋለች። ሰው ያለበት ቤት ነው እንግዲህ። ቀን የማይከፍት ሰው ማነው? ሌሊት የሚሠራ ሰው! እዚሁ ሰፈር ዳር ያለው ክር ፋብሪካ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምታንኳኳው በእንቅልፋቸው ሰዓት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሰማዩ ሲነጋጋ፣ ሰባቱም ፋብሪካው በር ላይ ቆሙ። ሠራተኞቹ ፀጉራቸው ላይ ብናኝ ጥጥ ተሸክመው ወጡ። ዘበኛው፣ «ከበሩ ዘወር በሉ!» ብሎ ጮኸ።

«አስፋልቱም የፋብሪካው ነው?» አለች እትዬ ቆጣሪ። ሦስት እርምጃ ፈቀቅ አለችና እዚያው ተተከለች።

አንዲት ክር ፈታይ ሻርፗን እያራገፈች መጣች። «ዛሬ ምን አስታወሳችሁን? በሬን የሚያንኳኳ እንኳ የለኝም!»

«እኔ አንኳኩቻለሁ፤ ተኝተሽ ነበር። ከዚያ ሳልጠይቅሽ አዎ ብላለች ብዬ ጻፍኩ። አጥፍቼዋለሁ፤ አሁን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«ሳልጠይቅሽ።»

«የውሃውም እንዲሁ ነው እንዴ የምትጽፊብኝ?»

«እሱም እንዲሁ ነው እህቴ።»

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ከኋላዋ ያሉትም ሳቁ። «ኧረ ይቺስ ቢያንስ አትዋሽም! በይ ጠይቂኝ።»

«ማሽኑ እጅሽን ሲይዝሽ የት ትሄጃለሽ?»

ፈታይዋ አውራ ጣቷን አሳየች፤ አምስት ስፌት። የሰፋቻት ሲስተር ነበረች።

ሁሉም እንደሷ አልነበረም። አንዱ ወጣት አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ የባለ ሕንፃው ተከራይ ነኝ» አለ።

«ድምፅ የሚሰጠው ከመጋረጃ ጀርባ ነው ወንድሜ። እዚያ አከራይ አይገባም።»

ሦስት ጠዋት በተከታታይ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ራሱ ሲስተር ማን እንደሆነች ጠየቃቸው።

በምርጫው ዕለት የሌሊት ፈረቃው ከፋብሪካ በቀጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያው መጣ። ሰልፉ ላይ ቆመው የሚያንቀላፉ ነበሩ። ልብስ ሰፊው ድምፁን ሰጥቶ ሲወጣ የአንዱን ትከሻ ነካ አደረገ፤ ፖሊሱ፣ «አባባ፣ ዛሬ መቀስቀስ ክልክል ነው!» አለው።

«ከእንቅልፍም?» አለ ልብስ ሰፊው።

ጣቢያው ለሰፈሩ አንድ ብቻ ስለነበር ውጤቱ እዚያው ታወቀ። አመሻሽ ላይ ሲስተር ሰባት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ባለ ሕንፃው ሰባት መቶ ስምንት ተባለ። የባለ ሕንፃው ታዛቢ ብድግ ብሎ እንደገና ይቆጠር አለ። ተቆጠረ፤ ልዩነቱ ያው ሃያ ሦስት። ለሦስተኛ ጊዜ ይቆጠር አለ። ተቆጠረ፤ ከባለ ሕንፃው ክምር ውስጥ አንድ የሲስተር ወረቀት ተገኘና ልዩነቱ ሃያ አምስት ሆነ። ታዛቢው ተመልሶ ተቀመጠ።

«ለምን ለአራተኛ ጊዜ አይቆጠርም?» አለች እትዬ ቆጣሪ በመስኮቱ። «እኛ የትም አንሄድም!»

ታዛቢው ፈረመ።

ቤቷ ስትገባ እናቷ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ጠበቋት።

«አሸነፈች?»

«አሸነፈች እማዬ። ጤና ጣቢያው አይነሳም።»

«ባታሸንፍም እኮ» አሉ እናቷ ፋሻቸውን እያስተካከሉ፣ «አፍራሾቹ ሲመጡ በሩ ላይ እንደምቀመጥ ለሲስተር ነግሬያታለሁ። ይህን እግር ከዚያ የሚያነሳ ወንድ ካለ እናይ ነበር!»