ላስቲኩ ያልተነሳለት መኪና

ዛሬ ጠዋት ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን፣ ጭቃ የያዘውን የጤና ቢሮአችንን የቅንጦት መኪና ጥለነው ሄድን።

ኢታንግ አጠገብ ካለ ጤና ኬላ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ልናደርሳት ነበር። ዋናው መንገድ ሳንደርስ መኪናው በሆዱ ጥቁሩ ጭቃ ላይ ተቀመጠ።

እንዳልበድለው፣ ጥሩ ጎን አለው። ኤሲው በዚህ ሙቀት ጋቢ ያስመኛል። ወንበሩ ቆዳ ነው አሉ፤ ቆዳውን ግን ያየው የለም፣ ከፋብሪካ የተሸፈነበት ላስቲክ እንዳይነሳ ታዟል። ሴትዮዋም በየጉድጓዱ ላስቲኩ ላይ ስትንሸራተት ነበር።

ድክመቱ? ከመሬት ያለው ከፍታ ከባጃጅ ብዙም አይሻልም። ክረምት የሚባል ነገር መኖሩን የሰራው ሰው የሰማ አይመስልም።

ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ ጎማው ስር ቅጠል ቢከት፣ ድንጋይ ቢከት፣ ወይ ፍንክች። ዋናው መንገድ ላይ በቆሎ የጫነ አሮጌ ፒካፕ አገኘንና ጆንያው ላይ አስተኝተን አደረስናት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ባሏ ኦባንግ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠየቀኝ፦ "ሲስተር፣ ያንን መኪና ማነው የመረጠው?"

መራጭ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ። መኪናውን የሞከርነው በበጋ፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ከድልድዩ እስከ ገበያው፣ አስፋልት ላይ ነው። "ምቾት" በሚለው ሙሉ ነጥብ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

እናንተ ቢሮስ እንዲህ የተመረጠ መኪና አለ? የፈረማችሁም ካላችሁ ጻፉ። ስትሳደቡ ግን ከእኔ ጀምሩ።