ቆልማማው ክንድ

ጎረቤቴ የሸክላ ማጫወቻ ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ «መርፌው» ይለዋል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ልብስ እሰፋለሁ፤ የሱን ጭቅጭቅ ስሰማ አረጀሁ። ሰው ስለ ኑሮ ሲያማርር እሱ ስለ ክንድ ያማርራል፣ መርፌዋን ስለሚሸከመው ብረት።

«ቀጥ ያለው ቀላል ነው» ይለኛል፣ ማን ጠየቀው! «ሸክላው ቢጎብጥም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ግን ወደ መሃል ሲጠጋ መርፌዋ መስመሩን በጎን ትይዝና ድምፁ ይሻክራል። ቆልማማው እስከ መጨረሻው ያጠራል፤ ክብደቱ ነው ጣጣው።»

«ታዲያ የቱ ይሻላል?»

«እሱን ባውቅ ካንቺ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ?»

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ ሸክላ በሻሽ ጠቅልላ መጣች። ልጇ ከመሞቷ በፊት ያስቀረጸችው ዘፈን ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። መጨረሻው ላይ ልጅቷ እናቷን ጠርታ ትመርቃታለች አሉ። እናት ግን ከቀብሩ ወዲህ ለመስማት አንጀቷ አልቻለም። ሸክላው መስኮት ሥር ከርሞ ፀሐይ አጉብጦታል።

«ዘፈኑ ቢቀር ይቅር» አለችው። «የምትጠራኝን ብቻ አሰማኝ።»

መርፌው ሸክላውን አገላብጦ አየ። እንዲህ ያለው አንድ ለእናቱ የሚቀረጸው ለስላሳ ነው፤ መርፌ በሄደበት ቁጥር ቶሎ ይላጋል።

«ቀጥ ባለው አጫውተው!» አልኩት። «ይሻክር፣ ምን አለበት?»

«የእህቴን ልጅ ድምፅ አሻክሬ ላሰማት? አላደርገውም!»

ግትር! ቆልማማውን አሳረፈ። ልጅቷ መዝፈን ጀመረች፣ እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ። መጨረሻው ጋ ስትደርስ ጉብታው ክንዱን ወደ ላይ አጎነው። በሙሉ ክብደቱ ወደቀና ሸክላውን ቦጨቀው።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። መርፌዋ የተቦጨቀው ላይ እየተሰናከለች ወደ ኋላ ተመለሰች። «እማዬ።» አሁንም «እማዬ።»

ምርቃቱ አልመጣም። ጎረቤቴ የማጫወቻውን ክንድ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ እህቱ ያዘችው።

«እንዳትነካው!»

«እህቴ፣ በዞረ ቁጥር እየተላገ ነው። ይጠፋብሻል!»

«ተወኝ አልኩህ! ልጄ እየጠራችኝ ነው።»

ሰውዬው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አላስቻለኝም። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ የመርፌዋ ሹሹታ ብቻ ቀረ። እሷ ግን ወንበሩን ወደ ማጫወቻው ጠጋ አድርጋ «ወዬ» ትላለች። «ወዬ፣ ልጄ።»