በወረቀቱ ላይ ያልነበረችው ልጅ

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አሁንም በቃሌ ልወጣላችሁ እችላለሁ፦ «ወይዘሮዋ በጤና ጣቢያችን ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች።» ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ጎን ክብ ማኅተም። ጤና ረዳቱ ይህን የጻፈው የመጀመሪያዋ ልጃችን እንደተወለደች ነው። ሁለተኛዋ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስትመጣ ማኅተሙ ደርቆ ነበር። ሰውየው እጁን ታጥቦ «መንታ! እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለና ሌላ ወረቀት ሳያወጣ ሄደ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጋዜጠኛ ነኝ፤ የሰው ጽሑፍ አንብቦ ስሕተት መልቀም እንጀራዬ ነበር። ያን ዕለት አላነበብኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ናዝሬት ውስጥ ስኳሩም ሳሙናውም ዘይቱም ከቀበሌ ሱቅ ነበር የሚገኘው። በዚያ ሰሞን ለወላዶች የዱቄት ወተት መጥቶ ለአንድ ሕፃን አንድ ቆርቆሮ ይሰጥ ነበር። የባለቤቴ ጡት ለሁለት አልበቃም። ታላቂቱ በርትታ ትጠባለች። ታናሺቱ ጥቂት ስባ ይደክማታል፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ለቅሶውም ያደክማታል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ለቅሶውን ሲቀባበሉ መግቢያ ይጠፋኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የታናሺቱ ድምፅ ቀጠነ፤ ያኔ ዝምታዋ ያስፈራኝ ጀመር።

የቀበሌው ጸሐፊ ወላዷ ራሷ ካልቀረበች አይሆንም ስላለ ባለቤቴ አራስ ሳለች በዚያ ፀሐይ ወጣች። ሁለቱን ተሸክማ መሄድ ስለማትችል መጀመሪያ ታላቂቱንና ወረቀቱን ይዛ ሄደች። አንድ ቆርቆሮ ተሰጣት። በማግሥቱ ታናሺቱን ይዛ ተመለሰች።

«የትናንቷን መልሰሽ አመጣሽ?» አላት ጸሐፊው።

«መንታ ናቸው። ይቺ ሌላዋ ናት።»

«ጓዲት፣ ወረቀቱ የሚለው አንድ ነው። እኔ የማነበው ወረቀት እንጂ ሕፃን አይደለም።»

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን፣ የወሎ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት፣ አንዷን አቅፈው አብረዋት ሄዱ።

«ይኸው ሁለቱም! በአላህ፣ ዓይን የለህም?» አሉት።

«እማማ፣ የያዟት የልጅ ልጅዎ እንዳልሆነች በምን አውቃለሁ?»

«የልጅ ልጅ ቢኖረኝማ አንተን ላሳያት ይዣት እመጣለሁ?»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊው ግን መዝገቡን ከደነ። ሁለቱ ሴቶች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እኔ በበኩሌ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ለሰፈራ ጣቢያ ተመድቦ ሄዷል አሉኝ። የጻፈው ራሱ ካላረመው ሌላ ሰው አይነካውም። መቼ ይመለሳል ብዬ ጠየቅሁ፤ አይታወቅም። አመስግኛቸው ወጣሁ። አመሰገንኳቸው!

ያችን አንድ ቆርቆሮ ለታናሺቱ ብቻ አደረግናት። ብዙም ሳይቆይ ማንኪያው የቆርቆሮውን ታች መምታት ጀመረ። ባለቤቴ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋችው።

«አንድ ቃል ጻፍበት። ‹መንታ› በል። ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። ግን ማኅተም ባረፈበት ሰነድ ላይ እጅ አይገባም።»

«ልጅቷ እየከሳች ነው።»

«አውቃለሁ። እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ተረጋግተሽ አስረጂው።»

ተረጋግተሽ አልኳት። ከወለደች ጀምሮ ሁለት ሰዓት አከታትላ ላልተኛች ሴት፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ለቆመች አራስ፣ ተረጋግተሽ! በዚያ ዘመን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያርም የተገኘ ሰው የት እንደሚገባ አውቅ ነበር። የያዘኝ ፍርሃት ነው። እኔ ግን ለእሷም ለራሴም መርሕ ነው አልኩ። ጸሐፊውን ይቅር ብየው ይሆናል፤ ይህን የራሴን ግን ይቅር ማለት አልችልም።

በማግሥቱ ለሥራ ወደ መቂ ተላክሁ። የአምራቾች ማኅበሩ ሽንኩርት የጭነት መኪና ጠፍቶ ማሳው ዳር እየበሰበሰ ነበር። በክምሩ መካከል ስዘዋወር ዋልኩ፣ ሽታው ልብሴ ውስጥ ገባ። ከዚያ «ምርቱ በወቅቱ በመነሣት ላይ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩና በስልክ ለአለቃዬ አነበብኩለት። አለቃዬ የሚጠብቀው ያንኑ ነበር፤ አንዲት ቃል አላረመም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ቆርቆሮ አየሁ።

«ሰጠሽ?»

«ሰጠኝ።»

ወረቀቱን አቀበለችኝ። «ሴት ልጅ» ከሚለው በላይ፣ ጠመም ባሉ ትልልቅ ፊደላት፣ «መንታ» የሚል ተጨምሮበታል። ባለቤቴ መጻፍ የተማረችው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት፣ በዚያው ቀበሌ አዳራሽ። የምስክር ወረቀቷን የሰጣት ያው ጸሐፊ ነበር።

እኔ ምን አልኩ? «የሰውየው ቀለም ጥቁር ነው፣ ያንቺ ሰማያዊ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «እሱ ቀለሙን አላየም። ‹ታዲያ መጀመሪያውኑ ይህን ይዘሽ አትመጪም ነበር?› አለኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽም አለኝ፣ ገና አሁን።»

ደሜ ፈላ። ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ በሩ ዞርኩ።

«ወዴት ነው?»

«ሄጄ የሚገባውን እነግረዋለሁ!»

«ምን ብለህ? ቁጭ በል።»

ተቀመጥኩ። ታናሺቱን ጭኔ ላይ አስተኛችልኝ፣ ጡጦውንም እጄ ላይ አስቀመጠች። ታላቂቱን ራሷ ታቅፋ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለህ» አለች። «ተነሣ ምርቱ?»

«አልተነሣም።»

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

ጡጦውን ወደ ታናሺቱ አፍ አስጠጋሁ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ጡጦው ባዶ እስኪሆን ድረስ ሳታቋርጥ ጠጣች።