በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ክኒን

የነርስ ተማሪዎችን ከሕክምናና ከፋርማሲ ተማሪዎች ጋር ቀላቅዬ ስለ መድኃኒት ላስተምር ስል፣ አሰላ ያሉ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። «ነርሶቹ አፋቸውን አይከፍቱም» አሉኝ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ ይሄ አልጠፋኝም። እኔም ነርስ ነኝ፤ ስንት ጊዜ ከኋላ ቆሜ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ለዚህም ነው አሻፈረኝ ያልኩት።

በመጀመሪያው ሳምንት ግን ትንቢታቸው ሊሰምር ምንም አልቀረውም። የሕክምናው ተማሪ ያወራል፣ የፋርማሲዋ ታሰላለች፣ ነርሶቹ ጋዋናቸውን እያስተካከሉ ወለል ወለሉን ያያሉ። ያናድዱኝ ነበር።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ የሆስፒታሉን ቆርቆሮ ስለሚደበድበው እየጮህን ነበር የምናወራው። ከሮቤ በኩል የመጡ አንዲት እናት ተኝተዋል። የደም ግፊታቸው አልወርድ ብሏል። በየጠዋቱ አንድ ክኒን ይሰጣቸዋል፤ ቅጹም ላይ በየቀኑ «ወስደዋል» የሚል ምልክት አለ። በአምስተኛው ቀን የሕክምናው ተማሪ «አልበቃቸውም፤ እጥፍ ይደረግ» አለ። የፋርማሲዋ ልጅ መጠኑን አሰላችና «ይቻላል» አለች። እኔም ለሐኪሙ እንዲነግሩት በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«መምህር፣ አይጨመር!»

ጠዋት ጠዋት ክኒኑን የምትሰጠው የነርስ ተማሪ ናት። «ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሲውጡ ግን አላየሁም።» ሳያዩ ምልክት ማድረግ እኔ ዘንድ ዜሮ እንደሚያሰጥ አሳምራ ታውቃለች። ወደ አልጋው ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ የጠዋቱን ክኒን የት አደረጉት?» አለቻቸው።

እማማ ምንም ሳያፍሩ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱት። አምስቱም ክኒኖች እንዳሉ ናቸው።

«ፍልሰታ አይደል እንዴ! ቅዳሴ ሳይወጣ እንዴት አፌን እከፍታለሁ? ከዚያ ወዲያ ደግሞ የጠዋት ነው ስላላችሁኝ ተውኩት። ጾሙ ሲፈታ አንድ ላይ እውጠዋለሁ።»

እጥፉን ሰጥተናቸው፣ የቋጠሩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢውጡት ኖሮ ከአልጋቸው አይነሡም ነበር።

ክፍሌ ክፍል የሆነው ያን ቀን ነው። የፋርማሲዋ ልጅ ክኒኑ በቀን አንዴ እስከሆነ ድረስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢወሰድም እንደሚሠራ አስረዳች። የሕክምናው ተማሪ ሰዓቱ እንዲቀየር ሐኪሙን ለማነጋገር ተነሣ። ነርሷ ውሃ ይዛ ቆማ ልታስውጣቸው ቃል ገባች። ኮራሁባቸው፤ አልደብቅም። ዜሮዋን ግን አልማርኳትም፤ እሷም አልለመነችኝም።

የሕክምናው ተማሪ ከመውጣቱ በፊት ቅር እንዳለው፣ «እማማ፣ ቀድመው ቢነግሩን ምን ነበረበት?» አላቸው።

«ማን ጠየቀኝ ልጄ? እናንተ እርስ በርሳችሁ ነው የምታወሩት።»

ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። አምስት ቀን ሙሉ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ስለዚያ ክኒን ሳስተምር፣ አንዴም ፊቴን ወደ እሳቸው አላዞርኩም።