ሳይቆረጥ የቀረው ድምፅ

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን አሮጌ ኪቦርድ አይታችሁ «ለምን አትጥይውም?» ትሉኝ ይሆናል። ፊደሎቹ ግማሽ በግማሽ ተፍቀዋል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው አቧራ በብሩሽም አይወጣ። አንደኛዋ ቁልፍ ላይ ግን የጥፍር ቀለም ጠብታ አለች፤ ቀይ፣ ጠርዟ የተላላጠ። ጣቴ እሷን በነካ ቁጥር የተጠበሰ ዓሣና የሎሚ ሽታ ይመጣብኛል። ሥራ መሀል ብቻዬን ፈገግ ስል የሚያዩኝ ሰዎች ለይቶላታል ሳይሉኝ አልቀሩም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለውጥ መጣ የተባለበት ሰሞን ነው፤ ሰው ሁሉ አዲስ ነገር ካልጀመርኩ የሚልበት። አጎቴም ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ካለችው ፎቶ ቤቱ በስተጀርባ የነበረችውን ክፍል ስቱዲዮ አደረጋት። ግድግዳውን በባና ብርድ ልብስ ሸፈነው፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ክፍሉ የበግ ጠጉር ይሸት ነበር። ዕቃችን አንድ ማይክ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ጥንድ ስፒከር ነው። ቀረጻ ስንጀምር በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ እንሰቅላለን። ያን ያዩ የባጃጅ ሹፌሮች ሞተር አጥፍተው፣ ተሳፋሪው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ባጃጃቸውን እየገፉ ያልፉልን ነበር።

የመቅጃው ፕሮግራም ሁለት መስኮት ነበረው። በኤዲቱ መስኮት ድምፁ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ጥልፍ ተዘርግቶ ይታያል፤ እዚያ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። በሚክሱ መስኮት ደግሞ ለእያንዳንዱ ድምፅ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሳብ አንድ መግፊያ ተሰልፎ ይቆማል፤ እዚያ የጮኸው ዝቅ፣ ያነሰው ከፍ ይደረጋል። ስክሪናችን ትንሽ ስለነበረች ሁለቱን ባንዴ አታሳይም። ወይ አንዱን ወይ ሌላውን መምረጥ ነው። እኔ የኤዲት ሰው ነበርኩ። ሳል፣ ትንፋሽ፣ የወንበር ሲጥሲጥታ ካገኘሁ አልምርም። አጎቴ በወጣትነቱ በየሠርጉ ኦርጋን ይጫወት ስለነበር ድምፅን ከድምፅ ማስማማት ይወድ ነበር፤ የሚክስ ሰው ነው። አንዳችን ለሻይ በተነሳን ቁጥር ሌላችን መስኮቱን እንቀይረዋለን።

«አንች ልጅ፣ መቀስሽን አስቀምጭ» ይለኛል። «ዝቅ ያረግሽው ነገ ይነሳል። የቆረጥሽው ከወዴት ይገኛል?»

«ቆሻሻ ነገ ምን ያደርጋል፣ ጋሼ?»

«ቆሻሻ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

ጭቅጭቃችን ያሰለቻት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አንድ ቀን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በምታሻግረው ቁልፍ ላይ የጥፍር ቀለሟን ጠብ አደረገችባት። «በቃ፣ ይችን እየተጫናችሁ በየተራ ተጣሉ» ብላን ሄደች።

የዚህች ጓደኛዬ እናት ዓሣ ጠባሽ ነበረች። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ መናኸሪያው አጠገብ ስትጠብስ ትውላለች። ሠርግ ሲኖር ግን ሽርጧን ትፈታና ዘፈን አውራጅ ትሆናለች፤ የእስላሙም የክርስቲያኑም ሠርግ ያለሷ አይደምቅም ነበር። በዕድሜ እናቴ ብትሆንም አንቱ ስንላት «ማን አስረጀኝ!» ብላ ስለምትቆጣ አንቺ ነበር የምንላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለቻት ያቺው አንድ ልጅ ናት። ልጅቱም ለአምባሰል ሰው፣ ከውጫሌ ወደ ዳገቱ ወጣ ብሎ ላለ መንደር፣ ታጨች።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ረቡዕ ዕለት ዓሣ ጠባሿ ሽርጧን እንደታጠቀች መጣች።

«የሰውን ልጅ ሁሉ ሸኝቻለሁ» አለች። «የራሴን ልጅ ግን ሚዜና ዘመድ ሊሸኛት፣ እኔ የሙሽራ እናት ሁኘ ከደጅ ልመለስ ነው። እመኪናው ውስጥ ማን ያወርድላታል? ድምፄን ቅጅልኝና እሱ አብሯት ይሂድ።»

ዓይኗ ውስጥ የነበረውን ያየ እምቢ አይልም። በዚያው ቀን ብቻዋን ቀረጽኳት። ኢንተርኔት ላይ የተማርኩት እንዲያ ነበር፤ መጀመሪያ አውራጅ፣ ቀጥሎ ተቀባዮች፣ ሁሉም ለየብቻ። ሄድፎኑን ሻሿ ላይ ደፍታ አንድ ስንኝ ታወርድና ዝም ትላለች። ወደ በሩ ዞር ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ ሌላ ስንኝ። ስትሄድ ኤዲት ላይ ተቀመጥኩና ያን ዝምታ ሁሉ ቆረጥኩት። አጥብቄ ገጣጠምኩት። የተቆረጠውንም ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ እንዳይዝብኝ ብዬ ጭራሹን ደመሰስኩት። በሥራዬ ኮርቼ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ሰባቱ ተቀባዮች ከነከበሯቸው መጡ። ከፈትኩላቸው። ዓሣ ጠባሿ ስንኝ በስንኝ ላይ እየደረበች፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ታወርደዋለች። ሴቶቹ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግሞ ከፈቱ።

«አንች፣ እኛ በየት በኩል እንግባ?» አለች ከበሮ የያዘችው።

አጎቴ ነገሩ ሲገባው ከሳቁ ብዛት ግድግዳ ተደገፈ። «ለተቀባይ የተተወውን ቦታ ቆርጣ ጥላዋለች!» አለ። ሴቶቹም ተቀበሉት፤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!» እያሉ እጃቸውን ያጨበጭባሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሁሉ የፈራሁት ዓሣ ጠባሿን ነበር፤ ለእሑድ የቀረን ሁለት ቀን ነው። ተጠርታ መጣችና ሰማችው፤ ከዚያ በዘይት እጇ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«አብሽሪ» አለችኝ። «ወላሂ፣ እኔም ማንም ሳይቀበለኝ ስዘፍን ያበድሁ መስሎኝ ነበር። በይ ሁላችንንም ባንድ ላይ ቅጅን።»

ቀዩ ጨርቅ ተሰቀለ። ማይኳ አንድ፣ እነሱ ስምንት። ሚክሱን ስከፍት ከተሰለፉት መግፊያዎች የምትሠራው አንዲቷ ብቻ ነበረች፤ ከበሮውን ዝቅ ላድርግ ብል ሁሉም አብሮ ዝቅ ይላል። አጎቴ ኮምፒውተሩን ትቶ ሴቶቹን ራሳቸውን ማመጣጠን ያዘ። «አንች፣ ከከበሮሽ ጋር ወደ በሩ! አንች ደግሞ እልልታሽ ጆሮ ይበሳል፤ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሁነሽ እልል በይ!» እያለ የየአንዳንዳቸውን መቆሚያ በጠመኔ አሰመረ። አንዷ እስክስታው እየጎተታት በየስንኙ ወደ ማይኳ ትጠጋለች። አጎቴ ነጠላዋን ከኋላ ይዞ ቆመ። ዓሣ ጠባሿም የሠርጉን መኪና ሹፌር ከወዲሁ ታስጠነቅቀው ጀመር፦

«ከሐይቅ ዳር ወስደሃት ዳገት ስትወጣ፣
ቀስ ብለህ ንዳላት፣ ልጀ እንዳትቆጣ!»

«እሰይ! እሰይ!» ሲሉ ባናዎቹ ግድግዳው ላይ ተንቀጠቀጡ። እንደዚያ ቀን የሳቅኩበት ቀን ብዙ የለም።

ዘፈኑ አልቆ እልልታው ሲበርድ ሴቶቹ ጫማቸውን ፍለጋ ተበታተኑ። ዓሣ ጠባሿ ማይኳ አጠገብ እንደቆመች በረጅሙ ተነፈሰችና ለራሷ ተናገረች።

«ሁሉንም ሸኘሁ። እኔን ወደ ባዶ ቤቴ ማን ይሸኘኛል?»

ቀና ስትል ሄድፎን ማድረጌን አየች። «ውይ! ተቀዳ እንዴ? ቁረጭው፣ የኔ እናት። ልጀ እንዳትሰማው፣ በሠርጓ ታለቅስብኛለች።»

«እቆርጠዋለሁ» አልኳት።

ኤዲቱን ከፍቼ ያቺን ቁራጭ መረጥኳት። ትንፋሽ እንኳ የማልምረው ሰው፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው የቀረኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ። የጥፍር ቀለሟን ቀይ ነጥብ ተጫንኩ። ሚክሱ ሲመጣ የመጨረሻው ቦታ ላይ መግፊያዋን ወደ ታች ሳብኳት፤ ንግግሩ ከሴቶቹ ኮቴና ጫጫታ ጋር የጠፋ እስኪመስል። ለእሷ ግን ቆርጬዋለሁ ብዬ ዋሸኋት። ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም በደንብ አላውቅም። ያን ድምፅ ማጥፋት የእኔ ሥልጣን አልመሰለኝም።

ዘፈኑን ከነሥራ ፋይሉ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ለመኪናው ሰጠሁ። እሑድ ዕለት ሙሽራዋ በእናቷ ዘፈን ታጅባ ሄደች። ሹፌሩ እየሳቀ ቀስ ብሎ ነዳ። እናት ደጅ ላይ ቆማ ድምጿ አስፋልቱን ይዞ ወደ ውጫሌ እየራቀ ሲሄድ በእጇ ታጨበጭብ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ ወደኛም ደረሰ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። ፎቶ ቤቱ ተዘረፈ፤ ኮምፒውተሩ፣ ማይኳ፣ ባናዎቹ ሳይቀሩ ሄዱ። ኪቦርዱን ደጅ ላይ ወድቆ አገኘነው። ዓሣ ጠባሿ ከልጇ ሳትገናኝ ወራት አለፉ። በዚያው የያዛት ሳል ሲለቃት ድምጿን ይዞት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ የሚያወርዱት ሌሎች ናቸው።

መንገዱ ሲከፈት ልጅቱ መጣች። እኛም በውሰት ላፕቶፕና በሌላ ማይክ ሥራ ጀምረን ነበር። እናቷን አስከትላ ገባችና የመኪናውን ፍላሽ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«ዋይ፣ በእነዚያ ወራት እማን የምሰማት በዚህ ብቻ ነበር» አለችኝ። «መጨረሻው ላይ የሆነ ነገር ትላለች። የስፒከሩን ድምፅ እስከ ጥግ ብከፍተውም አይለይልኝም። ምንድን ነው?»

እናትየዋ አፈጠጠችብኝ። «ቆርጨዋለሁ አላልሽኝም?» አለች በሻከረ ድምጿ። አጎቴ ወደ ጣሪያው ያያል። እናትየዋ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና፣ «በይ ክፈችው። ከዚህ ወዲያ ምን እደብቃታለሁ» አለች።

አሮጌውን ኪቦርድ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ የዘፈኑን የሥራ ፋይል ከፍላሹ ከፈትኩ። ቀዩን ነጥብ ተጫንኩና መግፊያዋን እስከ ላይ ገፋኋት። የነጠላ ኮሽታ መጣ፣ ረጅም ትንፋሽ መጣ፣ ቀጥሎ ያ የድሮው ሙሉ ድምፅ፤ «እኔን ወደ ባዶ ቤቴ ማን ይሸኘኛል?»

ልጅቱ አላለቀሰችም። ተነሥታ የእናቷን ዘንቢል አነሣች፣ ክንዷን ያዘች።

«ተነሽ እማ። እኔ እሸኝሻለሁ።»

በሩን ሲወጡ አወረደች፤ እስከዚያ ቀን ስታወርድ ሰምቻት አላውቅም፦

«ከዳገት ወርጀ ሐይቅ ዳር ስመጣ፣
ቀስ ብየ ልሸኛት፣ እናቴ እንዳትቆጣ!»

«እሰይ! እሰይ!» ብላ ተቀበለቻት እናቷ፣ በዚያ በሻከረ ድምጿ። ቀዩ ጨርቅ አልተሰቀለም፤ ደጅ ላይ የቆመው ባጃጅ ግን ሞተሩን አጠፋ። ማይኩ አጠገቤ ነበር። መቅዳቱ ትዝ ያለኝ ወደ ሐይቁ ከታጠፉ በኋላ ነው።