የማንቆርቆሪያው ጤና

ጎረቤቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ባለቧንቧው» ይለዋል። የገዛ ቤቱ የወጥ ቤት ቧንቧ ግን ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ያንጠባጥባል። ሚስቱ «የሰው ቤት ያደርቃል፣ የራሱን ያረጥባል» እያለች ትስቅበታለች። እሱም ልጠግነው እያለ ጊዜ አያገኝም፤ ጊዜውን ጠቅልላ የወሰደችው ጓሮው ውስጥ ያለችው ባቡር ናት።

ባቡሯ መጫወቻ አይደለችም። ቁመቷ ከጉልበት አይበልጥም እንጂ እንደ ትልልቆቹ በከሰል እሳት ውሃ አፍልታ፣ በእንፋሎት ፒስተን ገፍታ፣ ሰው ጭና ትሄዳለች። የሐዲዷ ስፋት አንድ ስንዝር አይሞላም። ከቧንቧ ዕቃ ሱቁ ጀርባ ይነሳና ጓሮውን ዞሮ በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ያልፋል። ነጂው ከኋላዋ በተቀጠለች የሳንቃ ጋሪ ላይ እግሩን ግራና ቀኝ አንፈራጦ ይቀመጣል። እሳት በሚነድበት ቀን ልብስ አይሰጣም። ሕጉን ያወጣችው ሚስቱ ናት፤ ያወጣችውም ነጭ አንሶላዋ ላይ ጥላሸት የዘነበ ዕለት ነው።

ቦይለሯን ከመዳብ ቆርጦ የበየደው ራሱ ነው። ያስተማረው ሰው የለም፤ ካንድ አሮጌ መጽሐፍ ሥዕል እያየ፣ እያበላሸና እየፈታ ተማረ። መንኮራኩሮቿን ያስወጣው ከብረት ቀላጩ ጋር ተጣልቶ፣ ታርቆ፣ ደግሞ ተጣልቶ ነው። ብዙ ዓመት ፈጀችበት። እንዲህ ያደከመው ደግሞ አንድ ሰው ነበር፤ አማቱ።

አማቱ በእንፋሎት ዘመን የእውነተኛ ባቡር ነጂ ነበሩ። ልጃቸውን ሲሰጡት «ቧንቧም ሥራ ነው፤ ሰው ውሃ ሳይጠጣ አያድርም» ብለው መረቁት፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሥራው ጠይቀውት አያውቁም። ባለቧንቧው ባቡሯን ሲጀምር የተመኘው አንድ ነገር ነው፤ እኚህ ሰው አንድ ቀን ጋሪዋ ላይ ተቀምጠው የእንፋሎት መክፈቻዋን በእጃቸው እንዲስቡ። እሳቸው «ማንቆርቆሪያ» ብለው ስም አወጡላት። ቤቱ ሲመጡ የልጃቸውን ደህንነት እንኳ ሳይጠይቁ፣ ገና ከበሩ፣

«የማንቆርቆሪያህ ጤና እንዴት ነው?» ይሉታል።

«ደህና ናት አባባ። ይምጡና ይንዷት እንጂ።»

«ማንቆርቆሪያ አይነዳም፤ ይጣዳል።»

ዘንድሮ ጉልበታቸው ደከመ፤ ለብቻ መኖር አቃታቸው። ሩቅ ከተማ ያለችው ትንሿ ልጃቸው ልትወስዳቸው ሆነ። መንገዱ ሰኞ ነው። «እሁድ ብቅ እላለሁ፤ ከመሄዴ በፊት እስቲ ማንቆርቆሪያህን ልያት» አሉ። ባለቧንቧው ይህን ሲሰማ የያዘውን ሥራ ጥሎ ወደ ጓሮ ሮጠ።

ሚስቱም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ዓርብ ዕለት፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ፣ ጓሮውን ጠረገች፤ ጋሪዋን ወለወለች፤ የባቡሯን የዝናብ ውሃ በርሜልም ከፍታ አየች። ባለቧንቧው ለባቡሯ የቧንቧ ውሃ አይሰጣትም፤ ቦይለሩ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጋገራል ይላል። የገዛ እጁ የዘረጋውን ቧንቧ የማያምን ሰው ከሱ በቀር አላየሁም። በርሜሉ ውስጡ አረንጓዴ ዝቃጭ ይዞ ነበር። «አባቴ ይሄን አይቶ ምን ይለኛል?» አለችና ውሃውን ባልዲዎች ላይ ገልብጣ፣ በርሜሉን በዱቄት ሳሙና ፈትጋ፣ የዝናብ ውሃው እንዳያልቅበት በቁጠባ ለቅለቅ አድርጋ፣ ውሃውን መለሰችው። ማታ ሲገባ በርሜሉ ያበራል። «እጅሽ ይባረክ» አላት። ምን እንዳጠበችው አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ጠዋት ለሙከራ እሳት አነደደ። ግፊቱ በደንብ ወጣ። ጋሪዋ ላይ ተቀምጦ መክፈቻውን ቢስበው ግን ባቡሯ ጥቂት ተንፏቀቀችና ከጭስ ማውጫዋ ጥቁር ውሃ ተፋችበት። የግፊት መለኪያው ወዲያው ወረደ፤ እሷም ቆመች።

«ውሃ አብዝቼባት ነው» አለና ቀነሰላት። ደግማ ተፋች። አቀዝቅዞ የመክፈቻውን ክዳን ፈታ፤ እንፋሎት እንዳያመልጥ አዲስ ጓርኒሲዮን ቆርጦ ገጠመ፤ ከበርሜሉ ሞላት፤ አነደደ። አሁንም ተፋች። የፒስተኖቹን ቀለበት አወጣ፤ ምንም የላቸውም። መልሶ ገጠመ። በውሃ ማሳያው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው እንደ ደነገጠ ሰው ይዘላል። በሞከረ ቁጥር ከዚያው በርሜል ስለሚቀዳ ራሱ ሳሙና እያጠጣት መሆኑን አላወቀም።

እኔ በአጥሩ በኩል እሰማው ነበር። «ምን ልሁንልሽ? ምን አጎደልኩብሽ?» ይላታል። ከሰዓት ላይ የብሎን መፍቻ ኪያቤውን አጥሩ ላይ ወርውሮ ድመቴን አስበረገጋት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጸሎቴን አቋርጬ ሳቅሁ። ምሳ አልበላ፣ እራት አልበላ። ሚስቱ ሳህኑን ይዛ ደጋግማ ወጣች፣ ደጋግማ ገባች።

እሁድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌው ነጭ ሸሚዝና የድሮ የሥራ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። እኔም ተጠርቼ ነበር።

«የማንቆርቆሪያህ ጤና እንዴት ነው?»

«ትንሽ አሟታል፤ ግን ትድናለች» አለ ባለቧንቧው። ፊቱ ጠቁሯል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

እሳቱ ነደደ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው ጎንበስ እንዳሉ እሱ መክፈቻውን ሳበ፤ ባቡሯም ያላትን ሁሉ ከሸሚዛቸው ላይ ተፋች።

ሽማግሌው ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉና «ብርድ መቷታል፤ ታስነጥሳለች» አሉ።

ባለቧንቧው መሬት ላይ ተቀመጠ። «በቃኝ! ይቺ ባቡር አይደለችም፣ መዓት ናት። እሸጣታለሁ፤ መዳቧን ለቧንቧ አደርገዋለሁ!»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አተኩረው አዩ፤ ወደ በርሜሉ ሄደው ጣታቸውን ነከሩ፤ አሻሹት፣ አሸተቱት።

«ቀለበትም አይደለም፣ ቫልቭም አይደለም። ውሃው ሳሙና አለበት። እንፋሎቱ አረፋውን እያንጠለጠለ ይወጣል። ይሄን በርሜል ያጠበው ማነው?»

የሚስቱ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ባለቧንቧውም አየ። ሁለት ቀን ሙሉ ያጠራቀመውን ንዴት ሊያወርድባት አፉን ከፈተ። እኔም ፈራሁ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት። «የዚህን ሰው አንገት እዩልኝማ! ሳሙና የሚያውቅ ይመስላል?»

«እኔ ነኝ አባዬ» አለች ልጃቸው፤ ማልቀሷም መሳቋም አልለይ አለ። «ንጹህ ሆኖ እንዲቆይህ ብዬ ነው።»

«የእናትሽ ልጅ» አሉ ሽማግሌው። «እሷም ኮፍያዬን ቀቅላ የሕፃን ኮፍያ አድርጋልኝ ነበር።» ከዚያ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። «በል ተነስ። እሳቱን አውጣ። ግን እንዳትቸኩል፤ በጋለ ቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመርክ የብየዳ ስፌቱን ትሰነጥቀዋለህ።»

እዚህ ላይ ነው እሁዱ ያለቀው። ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከቀዘቀዘ በኋላ ማጠብ ሆነ። ቦይለሩ ተሞልቶ ይፈሳል፤ ሽማግሌው ሣጥን ላይ ተቀምጠው የፈሰሰውን በጣታቸው ያሻሹና «ገና» ይላሉ። ይሞላል፣ ይፈሳል። «ገና።» ባለቧንቧው በየገናው ጥርሱን ያፋጫል፤ ፀሐይዋ ደግሞ አትጠብቅም። በመጨረሻ «አሁን ጠራ» ሲሉ የትንሿ ልጃቸው መኪና በር ላይ ጥሩንባ ነፋች። ገና ያልታሰረ ዕቃ አላቸው፤ መንገዱም ማለዳ ነው።

ባለቧንቧው አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ሽማግሌው ለመነሳት ሲደገፉ ዓይናቸው መክፈቻዋ ላይ አረፈ፤ ክፍት ነበር። ከንፈራቸውን መጠጡና በሁለት ጣት ዘጉት። «ነጂ ይሄን ሳይዘጋ አይወርድም» አሉና ሄዱ። ባለቧንቧው ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው እጅ መክፈቻውን ነካው፤ ባቡሯ ግን በድን ነበረች። «ቀዝቃዛ ብረት አስነካኋቸው» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰነበተ። እኔም «አይዞህ፣ የእግዚአብሔር ቀን ብዙ ነው» አልኩት፤ «ለኔ ግን እሁድ አንድ ነበረች» አለኝ።

በሳምንቱ በንጹሕ የዝናብ ውሃ አነደዳት። አንዲት ጠብታ ሳትተፋ ጓሮውን ዞረች፤ በልብስ ገመዱ ሥር ስታልፍ ፊሽካዋን ነፋች። ሚስቱ እያጨበጨበች ስልኳን አውጥታ አባቷ ጋ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ከሐዲዱ አጠገብ ያዘችው። ሁለተኛ ዙር ሄደ። ሦስተኛ።

ባለቧንቧው አቆመና ስልኩን ተቀበላት። «አባባ፣ ሰሙ?»

«ሰማሁ።»

«እና?»

«ቀኝ ጎኗ ያነክሳል። መንኮራኩሯ አንዴ ሲዞር አራት የእንፋሎት ምት ነው፤ አራተኛዋ ዘግይታ ትመጣለች። የቀኙን ቫልቭ አላስተካከልከውም። ሥራውና ደውልልኝ፤ ስልኩ አጠገብ ነው የምቀመጠው።» ዘጉት።

«አያችሁልኝ?» ብሎ ጮኸ ባለቧንቧው። «በሕይወቴ አንዲት ቀን ጎሽ ቢሉኝ ምን ነበር! አንዲት ቀን!» እንዲህ እያለ ሳለ በሆዱ መሬት ላይ ተኝቶ፣ አንገቱን ከመንኮራኩሮቹ ሥር አስገብቶ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ኪያቤ ይጠይቃል።

ሚስቱ አቀበለችው። «ስማ እንጂ» አለችው፤ «ማንቆርቆሪያ ያነክሳል እንዴ?»

ከሥር ብሎኑ ሲላላ ሰማነው።